ከቁፋሮው በፊት፦ በጉለሌ ተዳፋት ላይ የቢሮ ሕንፃን ዲዛይን ስለ መከለስ

ከእንጦጦ ወገብ ተነስቶ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርድ ሰው የጉለሌን መሬት መጀመሪያ የሚያውቀው በጉልበቱ ነው። መንገዱ ያዘነብላል። ግራና ቀኝ ያሉት ግቢዎችም እንደ ደረጃ አንዱ ካንዱ በላይ ተቀምጠዋል፤ የታችኛው ቤት ጣሪያ ከላይኛው ቤት መሠረት ጋር ትከሻ ለትከሻ ይገጥማል። ከአናቱ ባህር ዛፍ፣ ከግርጌው የሽሮ ሜዳ የሸማ ገበያ፣ በመካከሉ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየበዛ የመጣ ፎቅ አለ። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልና የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያሉበት ክፍለ ከተማ በመሆኑ የቢሮ ፈላጊው ቁጥር ቀላል አይደለም፤ ባለ ቦታውም ይህን ያውቃል።

በዚሁ ተዳፋት ላይ አንድ የቢሮ ሕንፃ አውቃለሁ። ባለቤቱንም ሆነ የሠሩትን በስም መጥራት አያስፈልግም። ሲነደፍ ጂ+7 ሆኖ ከሥሩ ሁለት ቤዝመንት ነበረው። ቁፋሮው ሚያዝያ ላይ ተጀምሮ ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ጉድጓዱ ውስጥ አገኘው። በላይኛው በኩል ከጎረቤት አጥር ሥር አፈሩ ቁራሽ በቁራሽ ይወርድ ጀመር። ባለቤቱ ባህር ዛፍ አስመጥቶ አስደገፈ፣ ፓምፕ ተከራየ፣ ለጎረቤቱ አጥር ዋስትና ፈረመ። አንድ ጠዋት ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመን ሳለ ፎርማኑ ባሬላ ወደ ተሸከሙት ልጆች እያየ፣ «ኢንጂነር፣ እስካሁን ሕንፃ አልጀመርንም እኮ፤ ከጋራው ጋር ነው የምንታገለው» አለኝ። በኋላ ዲዛይኑ ተከለሰ፤ አንዱ ቤዝመንት ቀረ። የተቆፈረው አፈር ግን በገንዘብ ወጥቶ ነበርና ጉድጓዱ በገንዘብ በተገዛ ገረጋንቲ ተመልሶ ተሞላ። ያ ክለሳ ትክክል ነበር። ጥፋቱ መዘግየቱ ነው።

ይህ ዳሰሳ የሚያነሳው ጥያቄ ከዚያ ጉድጓድ አፋፍ የመጣ ነው። የአንድን የቢሮ ሕንፃ ዲዛይን መከለስ ወጪንና ጊዜን በእርግጥ ያድናል? ካዳነ የት ላይ? መቼ? ገደቡስ እስከምን ድረስ ነው?

ሐሳቡ ከየት መጣ

ዲዛይንን ለወጪ ሲባል መከለስ ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው በእጥረት ዘመን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጄኔራል ኤሌክትሪክ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሎረንስ ማይልስ የሚፈልገው ብረትና መዳብ ሲጠፋበት ጥያቄውን ቀየረ። «ይህን ዕቃ ከየት አገኛለሁ?» ማለቱን ትቶ «ይህ ዕቃ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? ያንኑ ሥራ ሌላ ምን ይሠራልኛል?» ማለት ጀመረ። ኋላ ይህ አሠራር ቫልዩ ኢንጂነሪንግ የሚለውን ስም ይዞ ወደ ግንባታውም ገባ። የውጭ ምንዛሪ ወረፋና የሲሚንቶ እጥረት ለለመደ የአዲስ አበባ ገንቢ የማይልስ ጥያቄ እንግዳ አይሆንም።

ጊዜን በዲዛይን ስለ መግዛት ሲነሳ ዘወትር የሚጠቀሰው የኒውዮርኩ ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር መጋቢት 1930 ተጀምሮ በ1931 ግንቦት 1 ተመረቀ፤ 102 ፎቅ ከ14 ወር በማይበልጥ ጊዜ። ነዳፊዎቹ ወለሉን ከወለል፣ መስኮቱን ከመስኮት አመሳስለው፣ ተቋራጩ ገና ከንድፉ ጀምሮ አብሯቸው ተቀምጦ ነው የሠሩት። በዚያን ጊዜ የነበረው የኢኮኖሚ ድቀት ጉልበትንም ዕቃንም እንዳረከሰላቸው መዘንጋት አይገባም። ፍጥነቱ ግን ከመደጋገም የተገኘ ነበር።

እኛም የራሳችን ምሳሌ አለን። አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በ18 ወር ገደማ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ተመርቋል። በ1990ዎቹ ደግሞ ኤምኤች ኢንጂነሪንግ ከጀርመኑ ጂቲዜድ ጋር ሆኖ የዝቅተኛ ወጪ ቤት አሠራርን አዘጋጀ። በ1996 ዓ.ም. ገደማ ቦሌ ገርጂ ላይ ተሞክሮ የኮንዶሚኒየሙ መርሐ ግብር መነሻ ሆነ። ሥራው በመሠረቱ የዲዛይን ክለሳ ነበር። የተለመደውን ሙሉ ሶሌታ፣ በባህር ዛፍ ተደግፎ በጣውላ ተከልሎ የሚሞላውን፣ ቀድመው በተዘጋጁ ትናንሽ ቢሞችና በመካከላቸው በሚደረደር ብሎኬት ተካው። ሲሚንቶው ቀነሰ፣ ፌሮው ቀነሰ፣ ከሁሉ በላይ ጣውላው ቀነሰ። ኋላ በጂቲዜድ አስተባባሪነት 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ሲገነቡም ይኸው የዝቅተኛ ወጪ አሠራር ተደጋጋሚ ከሆኑ የሕንፃ ንድፎች ጋር ሥራ ላይ ውሏል።

የዚያ ተሞክሮ ትምህርት ሁለት ገጽ አለው። መደጋገም ዋጋን እንደሚቀንስ፣ የሠራተኛንም እጅ እንደሚያፈጥን ታይቷል። በአንጻሩ አንድ ዓይነት ንድፍ በልዩ ልዩ መሬት ላይ ሲቀመጥ በሕንፃው የዳነው ገንዘብ በመሠረቱና በአፈር ሥራው ተመልሶ ሊፈስ እንደሚችልም ታይቷል። ጉለሌን የሚመለከተው በተለይ ይህ ሁለተኛው ገጽ ነው።

መሬቱን ያላነበበ ንድፍ

በአዲስ አበባ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ባለሀብቱ ቦሌ ወይም ሲኤምሲ አካባቢ ያየውን ሕንፃ ይወድና «እንደዚያ ሥሩልኝ» ይላል። አማካሪውም ያንኑ ንድፍ ትንሽ አሻሽሎ ያቀርባል። ነገር ግን ቦሌ በአብዛኛው ሜዳ ነው፤ አፈሩም ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ዋልካ ይበዛበታል። ጉለሌ ተዳፋት ነው። በብዙ ቦታ ቀይ አፈር ለብሶ ከሥሩ የእንጦጦ እሳተ ገሞራ ድንጋይ አለው፤ ወደ ወንዞቹ ዳር ሲወርዱ ደግሞ ለስላሳ አፈርና ከሌላ ቦታ መጥቶ የተደፋ ሙሌት ያጋጥማል። ለዋልካ የተነደፈ መሠረት እዚህ ገንዘብ ማባከን ሊሆን ይችላል። ለሜዳ የተነደፈ ቤዝመንትም ጋራውን ያስቆጣል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ስፋቱ 20 ሜትር፣ ወደ ቁልቁለቱ ርዝመቱ 30 ሜትር የሆነ ቦታ ይኑረን፤ ተዳፋቱ በ100 ሜትር 10 ሜትር ይውረድ። ከላይኛው አጥር እስከ ታችኛው አጥር መሬቱ 3 ሜትር ይወርዳል፤ ይህ የአንድ ፎቅ ቁመት ነው ማለት ይቻላል። ሜዳ ላይ እንዳለ ሆኖ የተነደፈ ሁለት ቤዝመንት ከመሬቱ አማካይ ከፍታ 7 ሜትር ወደ ታች ቢገባ ቁፋሮው 4,200 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። በላይኛው በኩል 8.5 ሜትር ቀጥ ብሎ የተቆረጠ አፈር ይቆማል፤ እሱን የሚይዝ ደጋፊ ግንብም የግድ ይሆናል። አፈር ሲቆፈር ይነፋል፤ ሩብ ያህል ቢጨምር 5,250 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። 16 ሜትር ኪዩብ በሚጭን ሲኖትራክ ከ320 ምልልስ በላይ ማለት ነው፤ ያውም በጠባብ ቁልቁለት መንገድ፣ ለከባድ መኪና የሰዓት ገደብ ባለበት ከተማ።

አሁን ንድፉን እንከልሰው። የታችኛውን ወለል ከታችኛው መንገድ ጋር እኩል እናድርገው። ወደ ጋራው በኩል 3 ሜትር ይገባል፣ ወደ መንገዱ በኩል ግን ክፍት ሆኖ ብርሃን ያገኛል። ቁፋሮው 900 ሜትር ኪዩብ ብቻ ይሆናል፤ ምልልሱም ወደ 70 ይወርዳል። ደጋፊው ግንብ ከ8.5 ወደ 3 ሜትር ዝቅ ሲል የሚቀንሰው ወጪ ከቁመቱ ልዩነት እጅግ የበለጠ ነው፤ የአፈር ግፊት ቁመቱ ሲጨምር በካሬው ነውና የሚያድገው።

«የመኪና ማቆሚያውስ?» ይባል ይሆናል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ከተማው ማቆሚያ ይጠይቃል፣ ተከራይም ያለ ማቆሚያ አይገባም። ተዳፋት መሬት እዚህ ላይ የሚሰጠው መልስ አለው። ቦታው ከላይም ከታችም መንገድ ካለው መኪና በሁለት ከፍታ ያለ ራምፕ ሊገባ ይችላል። አንድ ራምፕ 3.5 ሜትር ለመውረድ፣ ቁልቁለቱ በ100 ሜትር 15 ሜትር ቢሆን፣ 23 ሜትር ያህል ርዝመት ይበላል፤ በ4 ሜትር ስፋት ከ90 ካሬ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ይህ ለሦስት መኪና፣ መዞሪያውን ጨምሮ፣ የሚበቃ ቦታ ነው። መንገዱ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ግን መልሱ ይጠባል። ያኔ ባለቤቱ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ የማቆሚያ ቦታ ስንት እንደሚከፍል ተሰልቶለት ወስኖ መግባት አለበት።

ይህ ሁሉ የሚታወቀው ቀድሞ በተደረገ የአፈር ምርመራና የቦታ ቅየሳ ነው። ብዙ ባለሀብት የሚቆጥበው እዚህ ላይ መሆኑ ያሳዝነኛል። በሦስትና በአራት ነጥብ ተቦርቡሮ የሚመጣ ሪፖርት ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ሲታይ ከቁጥር የማይገባ ገንዘብ ነው። ለፈቃድ ማሟያ ብቻ ተሠርቶ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ ደግሞ ባይሠራም ያው ነው።

አጥንቱና ሥጋው

ከመሠረቱ በላይ ስንወጣ ክለሳ ፍሬ የሚሰጥባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። የመጀመሪያው የኮለኖቹ አቀማመጥ ነው። በቢም ላይ የሚያርፈው መታጠፍ ከርዝመቱ ካሬ ጋር ያድጋል። የኮለኖች ርቀት ከ8 ሜትር ወደ 6 ሜትር ቢወርድ ቢሙ የሚሸከመው ከበፊቱ 56 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቢሙ ይቀጥናል፣ ፌሮው ይቀንሳል። ይሁንና ኮለኑና ፉቲንጉ ይበዛል፤ ከሥር ማቆሚያ ካለም መኪናው ከኮለን ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ኮለን የሚቀመጠው ከማቆሚያው፣ ከቢሮው ክፍልና ከመስኮቱ ጋር አንድ ላይ ተለክቶ ነው። አርክቴክቱ ጨርሶ ለስትራክቸር መሐንዲሱ የሚወረውርለት ንድፍ፣ መሐንዲሱም ለኤሌክትሪክና ለቧንቧ ባለሙያው የሚያሻግረው ንድፍ ይህን ልክ አያገኝም።

ሁለተኛው የወለል ቁመት ነው። ጥልቅ ቢም፣ ከሥሩ የሚያልፍ ቧንቧ፣ ከሁሉም በታች የሚንጠለጠል ኮርኒስ ተደማምረው የእያንዳንዱን ወለል ቁመት 4 ሜትር ያደርሱታል። ቢሙ ተስተካክሎ፣ የቧንቧው መስመርም ተለይቶ ቁመቱ 3.6 ቢሆን በስምንት ወለል 3.2 ሜትር ይቀንሳል። ዙሪያው 84 ሜትር በሆነ ሕንፃ ላይ ይህ 270 ካሬ ሜትር ገደማ የውጭ ግድግዳ ነው፤ ከነልስኑ፣ ከነቀለሙ፣ ከነመስታወቱ። ተከራዩ ግን አንድ ካሬ ሜትር ወለል አላጣም።

ሦስተኛው ክብደት ነው። 15 ሳንቲም ውፍረት ያለው፣ በሁለቱም በኩል የተለሰነና 3 ሜትር ከፍታ ያለው የብሎኬት ግድግዳ በአንድ ሜትር ርዝመት 9 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። በየወለሉ 60 ሜትር የውስጥ ግድግዳ ቢኖር በስምንቱ ወለል ከ4,300 ኩንታል በላይ ነው። ይህ ሁሉ ጭነት በሶሌታው፣ በቢሙ፣ በኮለኑ፣ በመጨረሻም በመሠረቱ ላይ ነው የሚያርፈው። የቢሮ ክፍል ደግሞ ተከራይ በተቀየረ ቁጥር ይፈርሳል። የውስጥ ግድግዳውን በጂፕሰም ቦርድ ወይም ከፑሚስ በተሠራ ቀለል ያለ ብሎኬት መተካት ሕንፃውን ከላይ እስከ ሥሩ ድረስ ያቀልለዋል። በመሬት መንቀጥቀጥም ጊዜ ቀላል ሕንፃ የሚያርፍበት ጉልበት ያነሰ ነው።

አራተኛው ልብሱ ነው። የአዲስ አበባ የቢሮ ሕንፃዎች ባለፉት 20 ዓመታት ከላይ እስከ ታች መስታወት መልበስ ወደዋል። መስታወቱ፣ አሉሚኒየሙና ማጣበቂያው በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያን ዕለት የመስታወት ትእዛዝ በእጁ ያልገባለት ገንቢ ሒሳቡ በአንድ ጊዜ ተቀየረበት። የአየሩም ነገር አለ፤ የጉለሌ ከፍታ በብዙ ቦታ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ፀሐዩ ግን ብርቱ ነው። በምዕራብ በኩል ሙሉ መስታወት የለበሰ ቢሮ ከሰዓት በኋላ ይግላል፣ ማለዳ ደግሞ ይበርዳል። የመስታወቱን ስፋት በግማሽ ቀንሶ፣ የሚከፈት መስኮት አድርጎ፣ ቀሪውን በብሎኬትና በአገር ውስጥ ድንጋይ መሸፈን ምንዛሪን ያድናል፤ የአየር ማቀዝቀዣንም ጥያቄ ከነጭራሹ ሊያስቀር ይችላል። ድንጋይ ጠርቦ መገንባት በከተማዋ የቆየ እጅ ነው፤ ይህን ማሰብ ወደ ኋላ መመለስ አይሆንም።

ጊዜ የት ይጠፋል

ስለ ጊዜ ሲነገር ብዙ ሰው የሠራተኛን ስንፍና ወይም የተቋራጩን አቅም ያነሳል። ከሳይቱ ቆሞ ለሚያይ ሰው ግን ብዙው ጊዜ የሚጠፋው በንድፉ ውስጥ ነው። በየወለሉ የኮለን መጠን ሲቀያየር አናጢው ካሳፎርማውን በየወለሉ ይቆርጣል። የቢም ጥልቀት አንዱ ከአንዱ ሲለያይ ፌራዮው በየዕለቱ አዲስ ልክ ይጠብቃል። የመጸዳጃ ቤቱ ቦታ በየፎቁ ሲዛወር የቧንቧ ሠራተኛው አርማታ ይበሳል። የኮለኑ ስፋት እስከላይ አንድ ሆኖ የፌሮው ብዛት ብቻ ወደ ላይ ቢቀንስ ጥቂት ቤቶን ይባክናል፤ ነገር ግን ያው ካሳፎርማ ከታች እስከ ላይ ይወጣል። የአንድ ወለል ዙር ከ21 ቀን ወደ 15 ቀን ቢወርድ በስምንት ወለል 48 ቀን ይተርፋል።

ድጋፉም የራሱ ታሪክ አለው። ባህር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ወደ እንጦጦ ከመጣ ጀምሮ የአዲስ አበባ ግንባታ በእሱ ትከሻ ላይ ቆሟል። ዛሬም ሶሌታ ሥር ጎንበስ ብሎ የሚገባ ሰው ጥቅጥቅ ያለ የአጣና ጫካ ያያል፤ አንዱ ጎብጧል፣ አንዱ በሽብልቅ ቆሟል፣ አንዱ በሚስማር ተቀጥሏል። ርካሽ ይመስላል። ዳሩ ግን አጣናው ቶሎ ይሰበራል፣ ልኩን አይጠብቅም፣ ሥሩም ሌላ ሥራ አያሠራም። የብረት ፑንቴሎ ተከራይቶ በሰፊው አራርቆ ማቆም፣ ወይም ድጋፍ የሚቀንስ ቀድሞ የተዘጋጀ ቢምና ብሎኬት መጠቀም፣ ቤቶኑ እየጠነከረ ሳለ ከሥሩ ግንበኛው እንዲገባ ያስችላል። እርግጥ ነው፣ ቤቶንን ማንም አያጣድፈውም። በሰባተኛው ቀን ከሙሉ ጥንካሬው ሁለት ሦስተኛ ያህል ይደርሳል፤ የተለካው ጥንካሬ የሚጠበቀው በ28ኛው ቀን ነው። ውኃ የማጠጣቱን ሥራ ከጊዜ ላይ መቀነስ ከሕንፃው ዕድሜ ላይ መቀነስ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው የጊዜ ጌታ ክረምት ነው። የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ እንጦጦ ሥር ደግሞ ጎርፉ ከላይ ነው የሚመጣው። በጥቅምት ቆፍሮ እስከ ግንቦት ከመሬት በላይ የወጣ ሕንፃ ክረምቱን ጣሪያ ሥር የውስጥ ሥራ እየሠራ ያሳልፈዋል። ክለሳው ወር ፈጅቶ ቁፋሮው ግንቦት ላይ ከወደቀ ግን አንዱ ወር አራት ወር ይሆናል። የአማራጩ ንጽጽር ሲሠራ የቀን መቁጠሪያው ጠረጴዛው ላይ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። በወረቀት ላይ ርካሽ የሆነ መሠረት ወደ ክረምት ከገፋን ርካሽ መሆኑ ይቀራል።

እዚህ ላይ የግብዓት ነገርም ይነሳል። የሲሚንቶ ገበያው እንደ ለሚ ናሽናል ያሉ አዳዲስ ፋብሪካዎች ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ከበፊቱ ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ሊፍት፣ ትራንስፎርመርና ጄኔሬተር ግን ዛሬም ወራት ያስጠብቃሉ። ክለሳው የሊፍቱን ጉድጓድ ስፋት አስቀድሞ ቢወስን ትእዛዙም አስቀድሞ ይወጣል። ሕንፃው አልቆ ሊፍት የሚጠብቅ ቢሮ በየወሩ ኪራይ ያጣል፤ የባንክ ወለድ ግን አያጣም።

ክለሳ የማይነካቸው ነገሮች

ወጪ ቅነሳ የሚለው ቃል አደገኛ የሚሆንበት ቦታ አለ። የሸር ዎልን ውፍረት፣ የኮለንን ፌሮ፣ የአገናኝ ቀለበቶችን ርቀት «ለመቆጠብ» የሚደረግ ክለሳ ቁጠባ ሊባል አይገባም። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ተደጋግሞ የነበረው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ላይ ፎቅ ውስጥ የነበረን ብዙ ሰው በሌሊት አስወጥቷል። የ1953 ዓ.ም.ቱ የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥም ይህ ስጋት አዲስ እንዳልሆነ ያስታውሰናል። አገሪቱ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1995 የወጣ የራሷ የሕንፃ ኮድ ነበራት፤ በ2015 ደግሞ በአውሮፓው ደረጃ ላይ ተመሥርቶ ታድሷል። ክለሳ በዚህ አጥር ውስጥ ይሠራል።

ሕጉም የራሱ በር አለው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ሕንፃ በምድብ «ሐ» መድቦ ነበር፤ የእንዲህ ያለ ሕንፃ ንድፍ በሚመለከተው አካል ተመርምሮ ይጸድቃል። ከጸደቀ በኋላ የሚደረግ መሠረታዊ ለውጥ እንደገና መቅረብ አለበት። በቃል ተስማምቶ ሳይት ላይ ቢም ማዛወር፣ «ኋላ ላይ አዝ ቢልት ላይ» (ሥራው ካለቀ በኋላ በሚወጣው ንድፍ ላይ) «እናስተካክለዋለን» ማለት በብዙ ቦታ የሚሰማ ነገር ነው። ይህ ዓይነቱ ክለሳ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሲጠየቅ ይገለጣል፤ ያኔ የዳነው ሳምንት በወራት ይከፈላል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ተቋራጩን ከርክክብ በኋላ ለ10 ዓመት በሥራው ተጠያቂ ያደርገዋል። ንድፍ የሚቀይር ሁሉ ይህን ዘመን አስቦ ይፈርም።

ማን ይጠቀማል፣ ማን ይከልስ

ጥሩ ክለሳ የሚጎድለን ዕውቀት ስለሌለ ነው ብዬ አላምንም። በ1940ዎቹ ዓ.ም. ከስዊድን ጋር በመተባበር የተጀመረው የሕንፃ ትምህርት ዛሬ በልደታ ካምፓስ ብዙ ትውልድ አስተምሯል። የሚጎድለው ክለሳውን የሚክስ ውል ነው። የአማካሪው ክፍያ ከግንባታው ዋጋ ላይ በመቶኛ ከተሰላ፣ ሕንፃውን በ10 በመቶ ያረከሰ አማካሪ የደከመበትን ያህል ከገቢው ይቀንሳል። ተቋራጩም የሚከፈለው በተሠራው መጠን ከሆነ 3,000 ሜትር ኪዩብ ቁፋሮ የሚያስቀር ሐሳብ ቢመጣለት በገዛ ገቢው ላይ የሚፈርድ ይመስለዋል። ፎርማኑ መፍትሔውን ያውቀዋል፤ የሚጠይቀው ግን የለም።

ዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን ፊዲክ በ1999ኙ የውል ደረጃው ለዚህ መንገድ አበጅቷል። ተቋራጩ ወጪ የሚቀንስ ሐሳብ አቅርቦ ተቀባይነት ካገኘና የዲዛይን ለውጡን እሱ ከሠራው፣ ከተጣራው ቁጠባ ግማሹ ለእሱ ይሆናል። በትልልቅ ፕሮጀክቶች ውስጥ ይህ ውል በአገራችን ይታወቃል። በጉለሌ ተዳፋት ላይ ለሚሠራ ጂ+7 ግን ብዙ ጊዜ የሚፈረመው ይህን አንቀጽ የማያውቅ አጭር ውል ነው። የግል ባለሀብት ከአማካሪው ጋር የተቆረጠ ክፍያ ተስማምቶ፣ ከቁጠባው ድርሻ ጨምሮ፣ የተቋራጩን ፎርማን ደግሞ ንድፉ ከመጽደቁ በፊት አንድ ሳምንት አብሮ ቢያስቀምጥ የሚከለክለው ሕግ የለም።

ክለሳን የሚቃወሙ ወገኖችን ሐሳብም በአክብሮት ማየት ይገባል። አንዳንድ አርክቴክቶች ክለሳ የሚባለው ነገር በመጨረሻ ውበትን፣ ጥላን፣ ደረጃውንና ግቢውን እየቆረጠ ከተማዋን በሣጥን እንደሚሞላት ይናገራሉ። እውነት አላቸው፤ በዘፈቀደ የተደረገ ቅነሳ መጀመሪያ የሚነካው ሰው የሚደሰትበትን ነገር ነው። የማይልስ ጥያቄ በቅንነት ከተጠየቀ ግን ለውበትም ሥራ ይሰጣል። የግቢ ጥላ ሥራ አለው፣ የሚከፈት መስኮት ሥራ አለው፣ ከታችኛው መንገድ ወደ ላይኛው የሚያሻግር የሕዝብ ደረጃ ሥራ አለው። ሥራ የሌለው፣ ከሌላ ሰፈር ተቀድቶ የመጣው ሁለተኛ ቤዝመንት ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ያየናቸው ነገሮች ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ክለሳ ያድናል፤ የሚያድነው ግን እንደ ጊዜው ነው። የአፈር ምርመራው በእጅ እንደገባ፣ ፈቃዱ ሳይወጣ የተደረገ ክለሳ ቁፋሮን፣ ቁመትን፣ ክብደትንና ምንዛሪን በአንድ ላይ ይነካል። ከፈቃድ በኋላ የተደረገው ገሚሱን ያጣል። ከቁፋሮ በኋላ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ኪሳራን ማቆም ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከጭፍን መቀጠል ይሻላል።

ያ ያየሁት ሕንፃ በመጨረሻ ቆሟል። የታችኛው ወለል ወደ ተሞላው ጉድጓድ ፊቱን አዙሮ ጨለማ ሆኖ ቀርቷል፤ ከጎኑ ደግሞ አንድ ሌላ ባለቤት በራሱ ቦታ ሕንፃ ለመጀመር ሲዘጋጅ አገኘሁት። አጥሩ ላይ ቆሞ ወደ ታችኛው መንገድ እያየ ነበር። በእጁ የነበረው ንድፍ እንደ ጎረቤቱ ሁለት ቤዝመንት ይዟል። ዶማ ገና አልተነሳም። «ጋሼ፣ ይህን ከመቆፈርዎ በፊት አንድ ወር ለወረቀቱ ይስጡት» አልኩት፤ አብረን ወርደንም ከታችኛው መንገድ ሆነን መሬቱን ሽቅብ ተመለከትነው። ከዚያ ሲታይ የመጀመሪያው ወለል የት መሆን እንዳለበት ጋራው ራሱ አስቀምጦት ነበር።